ስለ ኩበትና ስለ አመድ፤ የኬሚስትሪ ትምህርት መጀመሪያ

ኬሚስትሪ የሚባለው ትምህርት፥ ነገር ሁሉ ከምን እንደ ተሠራ፥ አንዱም ከሌላው ጋራ ሲገናኝ በምን ሕግ እንደሚለወጥ የሚመረምር ነው። ይህን ትምህርት ለመጀመር ከሩቅ አገር የመጣ የመስተዋት ዕቃ የግድ አያስፈልግም። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ በየቤቱ ምድጃ አለና፥ ትምህርቱ ከምድጃው ሊጀመር ይችላል።

ደጋው ብርዳም ነው፤ ዕንጨቱም ጥቂት ነው። ስለዚህ እበቱ ተጠፍጥፎ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ ኩበት ይሆናል፤ እንጀራውም ወጡም የሚበስለው በዚሁ ነው። አንድ ቅርጫት ኩበት ነዶ ባለቀ ጊዜ በምድጃው የሚገኘው ጥቂት አመድ ብቻ ነው። ያየ ሰው ሁሉ «ኩበቱ ጠፋ» ይላል። ነገር ግን መልኩንና ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ይህን አጥርቶ ያስረዳው ላቮዚዬ የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። እሱም ልዩ ልዩ ነገር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እያጋለ፥ ከመለወጡ አስቀድሞና ከተለወጠ በኋላ በሚዛን ይመዝን ነበር። ክብደቱም ሁልጊዜ እኩል ሆኖ ስላገኘው፥ በለውጥ ጊዜ ነገር እንደማይፈጠርና እንደማይጠፋ በ1789 ዓመት (በፈረንጅ አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ።

በኩበት ውስጥ ካርቦን፥ ሃይድሮጅን፥ ኦክሲጅን፥ ናይትሮጅን፥ ፎስፈረስ፥ ፖታሲየም፥ ካልሲየምና ሌሎችም አሉ። እነዚህ በእሳትም ሆነ በሌላ የኬሚስትሪ ሥራ ከዚያ ወዲያ የማይከፈሉ ስለ ሆኑ ንጥረ ነገር ይባላሉ።

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 ያህሉ ናይትሮጅን፥ 21 ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ኩበት ነደደ ማለት ይህ ኦክሲጅን በኩበቱ ካለው ካርቦንና ሃይድሮጅን ጋራ ተዋሐደ ማለት ነው፤ ሙቀቱና ብርሃኑም የሚወጣው ከዚህ ነው። 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክሲጅን ጋራ ሲዋሐድ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። 2 ግራም ሃይድሮጅንም ከ16 ግራም ኦክሲጅን ጋራ 18 ግራም ውሃ ይሆናል። መጠኑ ዘወትር ይኸው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱና የውሃው እንፋሎት ወደ አየር ይሄዳሉ፤ ከናይትሮጅኑም የሚበዛው አብሮ ይሄዳል። ፎስፈረስ፥ ፖታሲየምና ካልሲየም ግን አብዛኛውን በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ።

ገበሬውን የሚነካው ነገር እዚህ ላይ ነው። የገብስን ቅጠል የሚያለመልመው ናይትሮጅን ነው። ከብቱ ከመስክ የበላው ናይትሮጅን በእበት ወጥቶ ወደ ማሳ መመለስ ሲገባው፥ በምድጃ በኩል ወደ አየር ይሄዳል፤ ማሳውም ከዓመት ወደ ዓመት ይደኸያል። በሰሜን ሸዋ ደጋ አፈርን ከእበት ጋራ እየከመሩ ማቃጠልም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እሳቱ በአፈሩ ታስሮ የነበረውን ሲሳይ ስለሚፈታው ገብሱ ያምራል፤ ነገር ግን የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጅኑ ስለሚያልቅ መሬቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ጦም ማደር ይኖርበታል። ባቄላ ግን በሥሩ ላይ በሚኖሩ ረቂቃን ሕያዋን አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል። አባቶች ገብስን ከባቄላ ጋራ እያፈራረቁ መዝራታቸው ስለዚህ መልካም ነበረ።

አመድ ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ መምህሩ በትምህርት ቤት ሊያሳይ ይችላል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በውሃ ይቀቅልና ውሃውን በሁለት ብርጭቆ ይክፈል። በአንዱ ሎሚ ቢጨምቅበት ይቀላል፤ በሁለተኛው በጨርቅ የተጠለለ የአመድ ውሃ ቢጨምርበት ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ ይለወጣል። እንደ ሎሚ ያለው አሲድ፥ እንደ አመድ ውሃ ያለው አልካሊ ይባላል። የአመድ ውሃ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ልጆቹ በእጃቸው እንዳይነኩት ይጠንቀቅ። ዴቪ የሚባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1807 ዓመት ፖታሲየምን ለይቶ ያወጣው ፖታሽ ከተባለው አልካሊ ነው፤ ፖታሽም ስሙን ያገኘው ከአመድ ነው።

አሲድና አልካሊ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያበርዳል። ዝናም ብዙ ዘመን ያጠበው የደጋ አፈር ብዙ ጊዜ አሲድ ይበዛበታል፤ በእንደዚህ ያለው ማሳ ላይ አመድ በስሱ ቢበተን አሲዱን ያበርዳል፥ ፎስፈረስና ፖታሲየምም ይመልሳል። ነገር ግን አመድን ከእርጥብ እበት ጋራ መደባለቅ አይገባም። አልካሊው በእበቱ ያለውን ናይትሮጅን አሞንያ አድርጎ ያስወጣዋል፤ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ ይኸው ነው። ስለዚህ አመዱ ለብቻው በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ።

«ኩበት አታንድዱ» ማለት በብርድ አገር ለሚኖር ሰው ምክር አይሆንም። የሚነደውን መቀነስ ግን ይቻላል። ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ውሃ በ90 ዲግሪ ያህል ይፈላል፤ በባሕር ጠረፍ ግን በ100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በደጋ ባቄላ ለመብሰል ይዘገያል፥ ኩበትም ይፈጃል። ባቄላውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር፥ ድስቱንም መክደን ኩበት ያተርፋል። ባሕር ዛፍ ከማሳው ርቆ ቢተከል ለማገዶ ይሆናል። የተረፈውም እበት በጉድጓድ ተከምሮ፥ አፈር ለብሶ፥ ፍግ ሆኖ ወደ ማሳ ይመለስ።

ሃበር የሚባለው የጀርመን ሊቅ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አሞንያ ማድረግ እንደሚቻል በ1909 ዓመት አሳየ። ዛሬ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚሠራው በዚህ መንገድ፥ በብርቱ ሙቀትና ግፊት ነው። እንግዲህ በምድጃ የሄደው ናይትሮጅን ከዓለም አልጠፋም፤ ከማሳው ግን ጠፍቷል። ገበሬው መልሶ የሚያገኘው በባቄላው፥ በፍጉ፥ ወይም በገንዘቡ ነው።