አራስ ከመሆኗ በፊት ማን ይጠብቃታል?

ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይመጣል። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ደግሞ የወለደች ሴት «ቀነፋ» የምትባል ትንሽ እንጨት ግንባሯ ላይ ታስራለች። ቀነፋ ያሰረች ሴት የተከበረች ናት። ባሏ ቢበድላት ሴቶቹ የክብር ዘንጋቸውን፣ ሲንቄን፣ ይዘው ይነሡበታል። ባህላችን አራሷን እንዲህ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት፣ ምጥ በተያዘች ሰዓትስ?

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2008 ዓ.ም. 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደረሱ። መልካም ዜና ነው። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2030 ለመድረስ ያቀደው ግን ከ70 በታች ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በሙያችን ጥሩ አገልግሎት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ፈላጊው ዘንድ በሰዓቱ መድረስ አለበት። ሴሪን ታዲየስና ደቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች እንዳሉ ጽፈዋል።

አንደኛው ውሳኔ ነው። «ትንሽ እንጠብቅ» እየተባለ ሌሊቱ ያልፋል። ሁለተኛው መንገድ ነው። ከጭላሎ ወይም ከገላማ ተራራ ሥር ካለ መንደር ተነሥቶ፣ በክረምት ጭቃ፣ እስከ በቆጂና አሰላ መድረስ ቀላል አይደለም። ሦስተኛው ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ደም፣ መድኃኒት ወይም ባለሙያ ሲታጣ የሚባክነው ጊዜ ነው።

ለመንገዱ አንዱ መፍትሔ የእናቶች ማቆያ ነው። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ማቆያ ከፍቶ፣ ሩቅ አገር ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው እንዲያርፉ አደረገ። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ አለ። ለሦስተኛው መዘግየት ደግሞ ከአፍሪካ የመጣ ተስፋ አለ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በ80 ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነው ጥናት፣ የሚፈሰውን ደም በሚለካ የፕላስቲክ መያዣ ችግሩን ቶሎ ለይቶ ሕክምናዎቹን በአንድ ጊዜ መስጠት ከባድ የደም መፍሰስንና የሚያስከትለውን ጉዳት በ60 በመቶ ቀነሰ።

የመጀመሪያው መዘግየት ግን የሚፈታው ቤት ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ እርስዎም ድርሻ አለዎት። ገጠር ያለች እህትዎ፣ የወንድምዎ ሚስት፣ ወይም ለመውለድ አገሯ የምትገባ የቤት ሠራተኛዎ ልትሆን ትችላለች። ዛሬ ስልክ ይደውሉና ይጠይቋት፦ የቅድመ ወሊድ ክትትል ጀምራለች? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታውቃታለች? የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር አላት? ቤቷ ሩቅ ከሆነ ማቆያ ትገባለች? እሷ በሌለችበት ልጆቹን ማን ይይዛል? ለባሏም ይንገሩት፦ ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከያዛት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት ወይም የሽሉ እንቅስቃሴ ከቀነሰ የሚጠበቅ ነገር የለም።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። ለመጓጓዣና ለስንቅ የሚሆን ጥቂት ብር ግን ያስፈልጋል። ለአራስ ጥሪ ይዘው ሊሄዱ ያሰቡትን ስጦታ ቀደም ብለው ቢልኩላት፣ ገንፎውን አብራችሁ የምትበሉበት ቀን ይበልጥ የተረጋገጠ ይሆናል።