የፓይተን ዲክሽነሪን በሉፕ ውስጥ መለወጥ፦ ሞክሼ ፊደላትን በማዋሐድ ሥራ ላይ የሚገጥም ስሕተት

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኘው ማንኩሳ በሥነ ጽሑፍ አንባቢዎች ዘንድ የታወቀችው በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ የተጻፉ ጽሑፎችን አሰባስቦ የቃላትን ድግግሞሽ በፓይተን የሚቈጥር ተመራማሪ በአንዱ ጽሑፍ «ጐጃም»፣ በሌላው «ጎጃም»፣ በአንዱ «ሐዲስ»፣ በሌላው «ሀዲስ» ያገኛል። ሞክሼና ዲቃላ ፊደላት ካልተዋሐዱ የአንዱ ቃል ድግግሞሽ ለሁለት ይከፈላል።

ድግግሞሹ የሚቀመጠው በዲክሽነሪ ነው፤ ቃሉ ቁልፍ፣ ብዛቱ ዋጋ ይሆናል። ለማሳያ ያህል «ጐጃም» 3፣ «ማንኩሳ» 2፣ «ጎጃም» 5፣ «ሐዲስ» 1 ጊዜ ተመዝግበዋል እንበል። ፎር ሉፑ በዚሁ ዲክሽነሪ ላይ እየዞረ የ«ጐጃም»ን 3 በ«ጎጃም» ላይ ደምሮ የቀድሞውን ቁልፍ ሲሰርዝ፣ ቁልፎቹ ከ4 ወደ 3 ይወርዳሉ። ፓይተን ወደሚቀጥለው ቁልፍ ከመሻገሩ በፊት ብዛቱን ሉፑ ሲጀመር ከነበረው ጋር ስለሚያስተያይ፣ የዲክሽነሪው መጠን መለወጡን የሚገልጽ ረንታይም ኤረር አውጥቶ ሥራውን ያቆማል።

ይህ ስሕተት ራሱን ስለሚገልጥ ቀላል ነው። «ሐዲስ» ተሰርዞ ቀድሞ ያልነበረው «ሀዲስ» ሲገባ ግን ብዛቱ እንደነበረ ይቈያል። ከፓይተን 3.8 ወዲህ እንዲህ ካሉት ለውጦች አንዳንዶቹ በኤረር ይያዛሉ፤ በሌሎቹ ግን ሉፑ ያልደረሰባቸውን ቁልፎች ያለ ማስጠንቀቂያ ሊዘልል ይችላል። ኤረሩን በትራይና በኤክሴፕት ማፈንም መፍትሔ አይሆንም፤ ሉፑ ከተቋረጠበት በኋላ ያሉት ቃላት ሳይዋሐዱ ይቀራሉና።

መፍትሔው የሚዞሩበትን ከሚለውጡት መለየት ነው። አንደኛው መንገድ ቁልፎቹን አስቀድሞ ወደ ሊስት ገልብጦ በሊስቱ ላይ መዞር ነው። ሁለተኛው፣ ለምርምርም የተሻለው፣ ባዶ ዲክሽነሪ ከፍቶ የተዋሐደውን ድምር በእርሱ ላይ መጻፍ ነው፤ የመጀመሪያው አጻጻፍ በነበረበት ተጠብቆ ይቈያልና። ቁልፍ ሳይጨምሩና ሳይሰርዙ የነባሩን ዋጋ ብቻ መለወጥ ግን ችግር አያመጣም።

በመጨረሻም ውጤቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። ከውሕደቱ በፊትም በኋላም ድምሩ 11 መሆኑ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሥራው በመካከል ቢቋረጥም ድምሩ ያው 11 ነው። አስተማማኙ ፈተና በውጤቱ ያለው እያንዳንዱ ቁልፍ በማዋሐጃው ፈንክሽን ዳግመኛ ሲያልፍ ሳይለወጥ መውጣቱን ማረጋገጥ ነው። አንድ ቁልፍ እንኳ ከተለወጠ የድግግሞሽ ሠንጠረዡ ገና ለትንተና አልደረሰም።