መስኮትዎ በየት በኩል ይከፈታል?

በድሬዳዋ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ ወይም በአርባ ምንጭ አመሻሽ ላይ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ያመቀውን ሙቀት እንዲያስወጣ መስኮት መከፈት አለበት፤ ቢምቢ ወደ ቤት የምትገባውም በዚያው ሰዓት ነው። ብዙ ቤተሰብ ወይ ዘግቶ ይታፈናል ወይ ከፍቶ ይነከሳል። የመስኮት ወንፊት የተፈለሰፈው ሰው ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ እንዳይገደድ ነው።

እንዲህ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ወንፊት ማለት መስኮቱን እንደ ልብ የሚያስከፍት ወንፊት ማለት ነው። ትንኝ የማያሳልፍ ነገር ግን መስኮቱን ለመክፈት ትግል የሚጠይቅ ወንፊት በአንድ ወር ውስጥ ተቀዶ ወይም ተነቅሎ ይገኛል። ስለዚህ ገበያ ወጥቶ «ሜትሩ ስንት ነው?» ከማለት በፊት ቤት ውስጥ ቆሞ መስኮቱ ወደ የት እንደሚከፈት፣ እጀታው የት እንዳለ፣ ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ ማየት ይቀድማል።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ብሪታንያዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘ በኋላ ዋናው ጥያቄ ትንኟንና ሰውን እንዴት እናለያይ የሚል ሆነ። በ1899 ጣሊያናዊው ሐኪም አንጄሎ ቼሊ በሮም ዙሪያ ባለው ወባማ ሜዳ ላይ የሚኖሩ የባቡር ሠራተኞችን ቤት በወንፊት አስከለለ። በቀጣዩ ዓመት ብሪታንያዊው ሐኪም ፓትሪክ ማንሰን ያቀነባበረው ሙከራ ሳምቦንና ሎው የተባሉትን ሐኪሞች በኦስቲያ አቅራቢያ በወንፊት በተከለለ ጎጆ አኖራቸው። ቀን እንደ ልባቸው እየወጡ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ እየገቡ የወባውን ወቅት ያለ መድኃኒት አሳለፉ፤ ወባም አልያዛቸውም።

በአገራችንም ማስረጃ አለ። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በጫኖ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የአንዳንድ ቤቶችን በርና መስኮት በብረት ወንፊት ከልሎ፣ የግድግዳና የጣሪያ ሥር ቀዳዳዎችን ደግሞ በጭቃ ደፈነ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የተገኘው ዋነኛው የወባ አስተላላፊ፣ አኖፌለስ አረቢየንሲስ፣ ካልተከለሉት ቤቶች ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ።

የከተማ ነዋሪ ጉዳዩን «የገጠር ነው» ብሎ የሚያልፍበት ጊዜም እያበቃ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ሲሆን፣ ረግረግ ሳትፈልግ በሮቶ፣ በበርሜልና በግንባታ ቦታ የውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ድሬዳዋ ከዚያ በፊት በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ገብቶባት ነበር። ሁለቱን በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለች ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው። አጎበር ሰው አልጋ ላይ ባለበት ሰዓት ይጠብቃል፤ ከሰዓት በኋላ ሳሎን የተቀመጠችን እናት፣ አመሻሽ ላይ የቤት ሥራ የሚሠራን ልጅ አይደርስላቸውም። ወንፊት ይህን ክፍተት ይሸፍናል። ይህ ማለት አጎበር ይውረድ ማለት አይደለም፤ ወባማ አካባቢ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን?

የተለመደው የትንኝ ወንፊት በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ በአንዱ አቅጣጫ 18 በሌላው 16 ክር አለው። የእያንዳንዱ ቀዳዳ ስፋት ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ዝንብንም የወባ ትንኝንም ያቆማል። ይሁን እንጂ ክሩ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ፣ በፋይበርግላስ ወንፊት ላይ ለአየር ክፍት የሚሆነው ከጠቅላላው ስፋት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይህም ይቀንሳል። ስለዚህ «ደቃቁ ይሻላል» ብሎ ያለ ምክንያት ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት መግዛት ነፋስን በገንዘብ መከልከል ነው።

ምክንያት ያለበት ቦታ ግን አለ። ካላዛር በሚገኝባቸው እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች፣ ቁንጭር ባለባቸው ደጋማ ቦታዎችም፣ አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ እጅግ ስለምታንስ በተለመደው ወንፊት ታልፋለች። እዚያ ደቃቅ ወንፊት ያስፈልጋል፤ የሚቀንሰውን ነፋስ ለማካካስ ደግሞ በተቃራኒ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ መስኮት መክፈት ይረዳል።

ስለ ዓይነቱ በአጭሩ፦ ፋይበርግላስ ርካሽ ነው፣ ሲገፉት ተመልሶ ይስተካከላል፣ አይዝግም፤ ነገር ግን ድመት ትቧጭረዋለች፣ አይጥም ትበላዋለች። አሉሚኒየም ቅርጹን ይይዛል፣ አንዴ ከተሰረጎደ ግን ጉድጓዱ አይጠፋም። ዚንክ የተቀባ የብረት ሽቦ ጠንካራ ቢሆንም እርጥበት ባለበት ቦታ ውሎ አድሮ ይዝጋል። የማይዝገው ብረት ከሁሉም ይጸናል፣ ከሁሉም ይወደዳል፤ ለምድር ቤትና ለወጥ ቤት መስኮት ግን ዋጋውን ይመልሳል። ቀለምን በተመለከተ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ይመረጣል። ነጩ የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ ዓይንን ስለሚከለክል ውጩን በደንብ አያሳይም።

ወደ ውጭ የሚከፈት የብረት መስኮት

በኮንዶሚኒየምና በብዙ ቪላ ቤቶች ያለው ይህ ነው። መስታወቱ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ወንፊቱ ከውስጥ መግጠም አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ብዙዎቹ መስኮቶች ከውስጥ በኩል ፍርግርግ አላቸው፤ ሰው እጁን በብረቶቹ መካከል አሳልፎ መክፈቻውን ይይዛል። በፍርግርጉ ላይ ወንፊት በብሎን ከተመታ እጅ መግቢያ ያጣል። በየሰፈሩ ጥጉ ተቀዶ የሚታየው ወንፊት አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው፤ የቀደደው ባለቤቱ ራሱ ነው፣ መስኮቱን ለመክፈት።

መፍትሔው ወንፊቱ ራሱ እንዲከፈት ማድረግ ነው። አንደኛው መንገድ ለወንፊቱ ቀጭን ፍሬም ሠርቶ በማጠፊያ እንደ ትንሽ በር ማንጠልጠል ነው። ሁለተኛው፣ ርካሹና ለተከራይ የሚመቸው፣ ዙሪያውን ማግኔት የተሰፋበት ወንፊት ነው። የብረት መስኮት እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ማግኔቱ ፍሬሙን በቀጥታ ይይዛል፣ ግድግዳም አይበሳም። ቀለሙ ከተላላጠና ከዛገ ግን መጀመሪያ ተፍቆ መቀባት አለበት፤ በሸካራ ገጽ ላይ ማግኔት አጥብቆ አይይዝም። ሦስተኛው ተለጣፊ ማሰሪያ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ነገር ግን በሙቀት ሙጫው ስለሚላላ በየጊዜው ይተካል።

ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት

በአዳዲስ ሕንፃዎች የበዛው ይህ ዓይነት ለወንፊት የተመቸ ይመስላል፤ ግማሹ ብቻ ስለሚከፈት ግማሹን መከለል ይበቃል። መስኮቱ ገና ሲታዘዝ ባለ ሦስት ሐዲድ እንዲሆን መጠየቅ ብልህነት ነው፤ ሦስተኛው ሐዲድ ላይ ወንፊቱ እንደ መስታወቱ ይንሸራተታል። ባለ ሁለት ሐዲድ ሆኖ ከተሠራ በኋላ ሌላ ሐዲድ መጨመር ወጪውም ጣጣውም ይበዛል። ማግኔት ያለው ወንፊት የሚያስቡ ደግሞ አሉሚኒየምን ማግኔት እንደማይስበው ይወቁ፤ መጀመሪያ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ፍሬሙ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ አለው። ተንሸራታቹን መስታወት እስከ ግማሽ ብቻ ከከፈቱት፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጣት የማያስገባ፣ ትንኝ ግን በነፃነት የሚያስገባ ቀጥ ያለ ክፍተት ይፈጠራል። ወንፊቱ ያለ እንከን ተገጥሞ ሳለ ቢምቢ የምትገባው በዚህ ነው። መስታወቱን ጨርሶ እስከ ጥግ መክፈት ወይም ጨርሶ መዝጋት ይሻላል። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያለው ብሩሽ መሰል መክደኛም ሲያረጅ መተካት አለበት።

ወደ ውስጥ የሚከፈትና ከላይ የሚዘነበል

ወደ ውስጥ የሚከፈት መስኮት ላይ ወንፊቱ ከውጭ ይሆናል፤ መክፈቻው ነፃ ስለሆነ ያልተወሳሰበ ቋሚ ወንፊት ይበቃል። ከአንደኛ ፎቅ በላይ ግን ለማጠብ ከውስጥ የሚነቀል ዓይነት ያድርጉት፤ ወንፊት ለማጽዳት ተብሎ ከመስኮት ወጥቶ መንጠልጠል ዋጋ ያስከፍላል። ከላይ ወደ ውስጥ የሚዘነበለው የመታጠቢያ ቤት መስኮትም በዚሁ ይስተናገዳል።

ባለ ቅጠል መስታወት

በአሮጌ ቢሮዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በቆላ ከተሞች ቤቶች የሚታየው፣ አግዳሚ የመስታወት ቅጠሎቹ በአንድ ማንሻ የሚዘነበሉት መስኮት ለሙቀት ተመራጭ ነው፤ ስፋቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ነፋስ ያስገባል። ሲዘጋም ግን ጥብቅ አይልም፤ በቅጠሎቹ መካከል ትንኝ የሚያሳልፍ ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ ይህ መስኮት ወንፊት የሚያስፈልገው ተከፍቶ ሲያድር ብቻ ሳይሆን ተዘግቶም ሲያድር ነው። ወንፊቱ ከውስጥ ሲገጠም ማንሻው እንዳይነካው የእንጨት መደብ ዙሪያውን ተመትቶ ከመስታወቱ መራቅ አለበት። ማንሻው የሚንቀሳቀስበት ቀዳዳ በጎማ ወይም በብሩሽ ካልተከደነ ግን የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው።

የጭቃ ቤት መስኮት

የእንጨት መዝጊያ ያለው የጭቃ ቤት ለአናጺ ቀላል ነው፤ በቀጭን እንጨት ፍሬም ላይ ሽቦው ተወጥሮ መዝጊያው በማይነካው በኩል ይመታል። ከባዱ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ነው። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ክፍት ከሆነ የወባ ትንኝ ዋና መግቢያዋ እሱ ነው። መስኮቱን ከልሎ ይህን መተው ድካምን ያባክናል። በሌላ በኩል በዚያ ቀዳዳ የምድጃ ጭስ ይወጣል። ምግብ የሚበስለው እዚያው ቤት ውስጥ ከሆነ በጭቃ ከመድፈን በወንፊት መሸፈን ይሻላል፤ ጥላሸቱ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ግን ቶሎ ቶሎ መጠረግ አለበት። ከሰል የሚያነድ ቤትም አየር መውጫውን ፈጽሞ መዝጋት የለበትም።

የጉድጓድ መጸዳጃም አንድ ወንፊት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዛሬዋ ዚምባብዌ የተፈለሰፈው የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው መጸዳጃ በቱቦው አናት ላይ ወንፊት አለው። ከጉድጓዱ የምትወጣ ዝንብ ብርሃን ተከትላ በቱቦው ትወጣና ወንፊቱ ሥር ትቀራለች። የሮቶ መተንፈሻም በተመሳሳይ ቢሸፈን ስቴፈንሲ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ ታጣለች።

ልኬትና ርክክብ

የመስኮት ቀዳዳ ትክክለኛ አራት ማዕዘን መስሎ ቢታይም ብዙ ጊዜ የተጣመመ ነው። ወርዱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ ቁመቱንም በሦስት ቦታ ይለኩ። ወንፊቱ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ትንሹን ቁጥር፣ በላዩ የሚደረብ ከሆነ ትልቁን ወስደው ዙሪያውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይጨምሩበት። የፋይበርግላሱን ወንፊት ባለሙያው ከልክ በላይ ከወጠረው ቀጭኑ የአሉሚኒየም ፍሬም ወደ ውስጥ ይጎብጥና በጎኑ ክፍተት ይተዋል።

ገንዘብ ካነሰ መኝታ ቤት ይቅደም፣ ሳሎን ይከተል። በርን ግን አይርሱ፤ የቤቱ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው፤ ራሱ የሚዘጋ የወንፊት በር ከሌለ የመስኮቱ ጥቅም በግማሽ ይወርዳል። ልጆች ባሉበት ፎቅ ላይ ወንፊትን እንደ መከላከያ አይቁጠሩት፤ የተደገፈበትን ሕፃን አይሸከምም። ከመስኮቶቹም ቢያንስ አንዱ ድንገተኛ አደጋ ቢደርስ በፍጥነት የሚከፈት ይሁን።

ሥራው ሲያልቅ በጠራራ ፀሐይ መብራት አጥፍተው ከውስጥ ሆነው የወንፊቱን ዙሪያ ይመልከቱ፤ ብርሃን በመስመር የሚገባበት ቦታ ትንኝም የምትገባበት ነው። ከዚያ በቤቱ ውስጥ ጉልበት የሚያንሰውን ሰው፣ አያትን ወይም የአሥር ዓመት ልጅን፣ ጠርተው መስኮቱን እንዲከፍቱና እንዲዘጉ ይጠይቁ። ሳይታገሉ ካልቻሉ ሥራው አላለቀምና የቀረውን ክፍያ ይያዙት።