የለንደን ባቡር ቁም ጸሐፊ

ለንደን የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ፊደል በየቀኑ ታዩታላችሁ። የምድር ውስጥ ባቡሩ ካርታ፣ የአቅጣጫ ምልክቱ፣ የጣቢያው ስም ሁሉ የተጻፈው በዚህ ፊደል ነው። በሚቀጥለው ጉዟችሁ «አይ» የምትባለዋን ትንሿን የላቲን ፊደል ፈልጉና ከላይዋ ያለችውን ነጥብ ተመልከቱ። ክብ አይደለችም። በአንድ ማዕዘኗ የቆመች ካሬ ናት።

ይህች ነጥብ ባቡር ጣቢያ ድረስ የመጣችው ከብራና ነው። ይዟት የመጣው ደግሞ ኤድዋርድ ጆንስተን የሚባል፣ ዕድሜውን ሙሉ ከዝይ ላባ የተቀረጸ ብርዕ ይዞ የኖረ፣ ከማተሚያ መሣሪያ ጋር እምብዛም የማይስማማ ሰው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንስተን የተወለደው በ1872 ደቡብ አሜሪካ፣ ኡራጓይ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከስኮትላንድ የዘር ሐረግ የሚመዘዙ ሲሆኑ፣ እሱ ገና ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ትምህርቱን በአብዛኛው የተከታተለው ቤት ውስጥ ነበር። ካደገ በኋላ ኤደንብራ ሄዶ ሕክምና ጀመረ፤ ጤናው አልፈቀደለትምና አቋርጦ ወጣ። በ1898፣ በ26 ዓመቱ፣ ለንደን ውስጥ ዊልያም ሌተቢ ከሚባል የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ጋር ተገናኘ። ሌተቢ የማዕከላዊ የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። የወጣቱን የእጅ ጽሑፍ አይቶ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም እንዲሄድ፣ የጥንት ብራናዎችን እንዲያጠና መከረው። የትኞቹን ማየት እንዳለበት የጠቆመው ደግሞ የታዋቂው ዊልያም ሞሪስ ጸሐፊ የነበረው ሲድኒ ኮከረል ነው።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የቁም ጽሕፈት ሙያ እንደ ሙያ ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል። ሰዉ የሚጽፈው ጫፉ በሾለ የብረት ብዕር ነው። ያማረ ጽሑፍ ሲፈለግ መጀመሪያ የፊደሉ ዳር ይነደፋል፤ ከዚያ ውስጡ በቀለም ይሞላል። ይህ ሥዕል እንጂ ጽሕፈት አይደለም። ጆንስተን ብራናዎቹን እየደጋገመ ሲመረምር የደረሰበት ነገር አሁን ስንሰማው ቀላል ይመስላል፦ የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ፊደሉን አልሳሉትም፤ ቅርጹን የሰጣቸው ብርዑ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብርዑ ጫፍ አይሾልም፤ እንደ መሮ አፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። ጸሐፊው ብርዑን ከመስመሩ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ ይይዛል፤ ያን ዘንበል ሳይለውጥም ይጽፋል። ወደ ታች ሲስብ ጭረቱ ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል፤ ሲያዞር ከወፍራም ወደ ቀጭን ቀስ እያለ በራሱ ይሸጋገራል። ብርዑን የአፉን ስፋት ያህል ብቻ ሰያፍ ወደ ታች ስቦ ቢያነሳው የሚቀረው አሻራ ትንሽ ያጋደለች ካሬ ናት። የባቡሯ ነጥብ መነሻዋ ይህ ነው።

የአገራችንን የቁም ጽሕፈት በቅርብ ላየ ሰው ይህ ሁሉ ግኝት አይደለም። መቃ ቀርጾ ጥቁርና ቀይ ቀለም የሚያጠቅስ ጸሐፊ የፊደሉ እግር ለምን ወፍራም፣ አግድሙ ለምን ቀጭን እንደሚሆን ሲጠየቅ ብርዑን ነው የሚያሳየው። ጆንስተን የጠፋ ሙያ ፍለጋ ብራና በሚያገላብጥበት ዓመት የኛዎቹ ጸሐፊዎች በየገዳሙ ዳዊት ይጽፉ ነበር። ሌላም አለ፦ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች የተቀመጡት በዚያው ሙዚየም ነበር። እሱ ያተኮረው ግን በአውሮፓዎቹ ላይ ነው። ከሁሉም የመረጠው በ10ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ እንግሊዝ ውስጥ የተጻፈውን፣ የራምዚ መዝሙረ ዳዊት በመባል የሚታወቀውን የላቲን ብራና ነው። ቀጥ ያለ፣ ክብ ክብ ያለ፣ ለማንበብ የማያስቸግር ጽሕፈት ነው። ከሱ ተነሥቶ ያበጀውን አጻጻፍ «መሠረታዊ» ብሎ ጠራው፤ ዛሬም የላቲን ቁም ጽሕፈት የሚማር ብዙ ሰው «ሀ» ብሎ የሚጀምረው በዚሁ ነው።

በ1899 መስከረም ላይ ሌተቢ ክፍል ከፍቶ እንዲያስተምር አደረገው። ከተማሪዎቹ መካከል በኋላ ስመ ጥር ቀራፂና የፊደል ነዳፊ የሆነው ኤሪክ ጊል ይገኝበታል። ሌላው በዕድሜ የገፋው ቶማስ ኮብደን ሳንደርሰን ሲሆን፣ ደቭስ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁሞ ከ1903 እስከ 1905 በአምስት ቅጽ መጽሐፍ ቅዱስ አሳትሟል። የኦሪት ዘፍጥረትን የመክፈቻ ቃላት ለዚህ መጽሐፍ በቀይ የጻፈው ጆንስተን ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ከገጹ አናት ጀምራ እስከ ግርጌ ድረስ እንደ ምሰሶ ትወርዳለች። ጌጥ የላትም፣ ሐረግ የላትም፤ አንድ ቀይ ቀጥ ያለ ጭረት ብቻ ናት። በኔ ግምት በዘመኑ ከታተሙ ገጾች ይህን የሚስተካከል ጥቂት ነው።

በ1906 ስለ ጽሕፈት፣ ስለ ሐረግና ስለ ፊደል የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ብርዕ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ብራና እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ወርቅ እንዴት እንደሚለጠፍ በራሱ ሥዕሎች እያሳየ የሚያስተምር የእጅ ሥራ መጽሐፍ ነው። ተጽዕኖው ከደራሲው ይልቅ ሩቅ ተጉዟል፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ባቡሩ። የለንደን ጣቢያዎች ግድግዳ ያኔ በሳሙና፣ በሻይና በመድኃኒት ማስታወቂያ ተሸፍኖ፣ ተሳፋሪው የጣቢያውን ስም ከማስታወቂያው መለየት ያቅተው ነበር። የምድር ውስጥ ባቡሩ ኩባንያ የንግድ ኃላፊ ፍራንክ ፒክ ማንም ከማስታወቂያ ጋር የማያምታታው፣ የዘመኑ የሆነ ፊደል ፈለገ። በ1913 ከጆንስተን ጋር ተገናኙ። ሥራው ሲጀመር ጊልም አብሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሥራ ይዞት ወጣ። ጆንስተን ብቻውን ቀጥሎ በ1916 ፊደሉን አስረከበ።

ጫፉ ላይ ጭራ የሌለው የላቲን ፊደል አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ1816 እንግሊዝ ውስጥ በማተሚያ ታይቷል። ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይሠራበት የነበረው ጥቅጥቅ ያለ፣ ወርዱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ለጩኸት የተሠራ ፊደል ነበር። ጆንስተን የትልልቆቹን ፊደላት ወርድና ቁመት የወሰደው ከጥንት ሮማውያን የድንጋይ ጽሑፍ ነው። በዚህ ስሌት «ኦ» ሙሉ ክብ ናት፤ ሌሎቹ ጠበብ ይላሉ። የትልቁ ፊደል ቁመት የጭረቱን ወርድ ሰባት እጥፍ እንዲሆን አደረገ። ይህ ልኬት የቁም ጸሐፊ ልኬት ነው፤ እነሱም የፊደሉን ቁመት በብርዑ አፍ ስፋት እየቆጠሩ ነው የሚወስኑት። የትንሿን «ኤል» እግር ወደ ቀኝ ያጠፋት ደግሞ ከትልቋ «አይ» ጋር እንዳትምታታ ነው። በብርዕ የተጻፈ ፊደል የሚታወቅበትን ወፍራምና ቀጭን አስወገደ፤ የብርዑን አስተሳሰብ ግን ጠበቀ። በሱ ፊደልና በዘመኑ ጭራ የለሽ ፊደሎች መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ኮብደን ሳንደርሰን ከሸሪኩ ጋር ተጣልቶ፣ የደቭስን የእርሳስ ፊደላት በሌሊት እየተሸከመ ከሃመርስሚዝ ድልድይ ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ይጥል ነበር። መምህሩ ለብዙኃን የሚሆን ፊደል ሲያስረክብ፣ ተማሪው የራሱን ፊደል ማንም እንዳይነካበት ያሰጥማል። (በ2014 ጠላቂዎች ወርደው ከፊደሎቹ የተወሰኑትን አውጥተዋል።)

የባቡሩ ፊደል ለባቡሩ ብቻ የተሠራ በመሆኑ በዘመኑ ገበያ ላይ አልዋለም። በ1928 ጊል የራሱን ጭራ የለሽ ፊደል ሞኖታይፕ ለተባለው ኩባንያ ነደፈ። ጊል ሳንስ በባቡር መሥመር፣ በፔንግዊን መጻሕፍት ሽፋን፣ በኋላም በኮምፒውተር ዓለምን አዳረሰ። ዘሩ ከጆንስተን ፊደል መሆኑ ዓይን ላለው ሰው ግልጽ ነው፤ ጊልም አልካደም። ገበያው ላይ የዋለው ስም ግን የተማሪው ሆነ።

መጽሐፉ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። አና ሳይመንስ የተባለች ጀርመናዊት ተማሪው በ1910 ወደ ጀርመንኛ ተረጎመችው። ከዓመታት በኋላ ኑረምበርግ ውስጥ ሄርማን ዛፕፍ የሚባል ልጅ ገዝቶት ያለ አስተማሪ ቁም ጽሕፈት ተማረበት። ይህ ልጅ ነው አድጎ ዛሬ በየኮምፒውተሩ የምናገኛቸውን ፓላቲኖንና ኦፕቲማን የነደፈው። አሜሪካ ውስጥም ሎይድ ሬይኖልድስ የተባለ መምህር ያንኑ መጽሐፍ አንብቦ በኦሪገን ሪድ ኮሌጅ የቁም ጽሕፈት ትምህርት አስፋፋ። እሱ ጡረታ ሲወጣ የተካው ሮበርት ፓላዲኖ ክፍል ውስጥ ኮሌጁን ያቋረጠ አንድ ወጣት ይቀመጥ ነበር፤ ስቲቭ ጆብስ ይባላል። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ያማሩ ፊደላት ይዞ የወጣው ከዚያ ክፍል በቀሰመው እንደሆነ ጆብስ ራሱ ተናግሯል። ሙዚየም ውስጥ ብራና ያገላብጥ በነበረው ሰውና ኮምፒውተራችን ላይ «ፎንት» ብለን በምንመርጠው ዝርዝር መካከል ያለው ርቀት እንግዲህ ይህን ያህል አጭር ነው።

ጆንስተን በኑሮው የተሳካለት ሰው አልነበረም። ከ1912 ጀምሮ በሰሴክስ በምትገኘው ዲችሊንግ መንደር ኖሯል። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ለአንድ መስመር አብዝቶ ያስባል፣ ደንበኞቹ ይጠብቃሉ። ጀርመናዊው ካውንት ሃሪ ኬስለር ለማተሚያ ቤቱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያዘዘው ፊደል በሼክስፒር ሐምሌት ላይ የታየው በ1929 ነው፤ ለዚህ ግን ጦርነቱም ተጠያቂ ነው። በ1939 የመንግሥት ኒሻን ተሰጠው፤ በ1944 እዚያው ዲችሊንግ አረፈ። ዕቃዎቹና ጽሑፎቹ በመንደሩ ሙዚየም ይታያሉ።

ፊደሉ ሥራ አላቆመም። በ1979 ጃፓናዊው ኤይቺ ኮኖ ለአዲሱ የኅትመት ዘዴ እንዲስማማ አስተካከለው፤ እስከዚያ ድረስ የነበሩት ውፍረቶች ለፖስተር እንጂ ለትንሽ ጽሑፍ አይመቹም ነበር። በ2016፣ በመቶኛ ዓመቱ፣ ሞኖታይፕ እንደገና ሲያሰናዳው በየጊዜው ማሻሻያ የጠበበውን ወርድ መለሰለት፤ ለስልክና ለኮምፒውተር ገጽ የሚሆኑ ቀጫጭን ውፍረቶችንም ጨመረ። ጆንስተን ሊያስባቸው የማይችላቸው የኢሜይልና የሃሽታግ ምልክቶችም ያኔ ገቡ። ካሬዋን ነጥብ ግን የነካት የለም።

የራምዚ ብራናም ሆነ የመቅደላዎቹ ዛሬ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚወርደው ኪንግስ ክሮስ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ነው።