ጨለማን ያወቀበት የፖሊስ ፊልም

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው «ሂ ዎክድ ባይ ናይት» ከ80 ደቂቃ ያነሰ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የሠራው ኢግል ላየን የተባለ አነስተኛ የሆሊውድ ኩባንያ ሲሆን በጀቱም አነስተኛ ነበር። በዳይሬክተርነት የተመዘገበው አልፍሬድ ወርከር ቢሆንም ከፊሉን ስሙ ሳይጠቀስ የመራው አንተኒ ማን ነው።

ታሪኩ መነሻ ያደረገው ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተፈጸመ እውነተኛ ወንጀል ነው። ሪቻርድ ቤዝሃርት የሚጫወተው ሮይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሌባ ነው፤ ከውሻው በቀር ወዳጅ የለውም። አንድ ሌሊት የተጠራጠረውን ፖሊስ በጥይት ይመታል። ከዚያ ወዲያ የምናየው ምርመራውን ነው። ነገሩን ባንድ እይታ የሚፈታ ጀግና መርማሪ ግን የለም፤ ፖሊሶቹ መዝገብ ያገላብጣሉ፣ ጥይት ከጥይት ያስተያያሉ፣ ፎቶ ይዘው ከሰው ሰው ይዞራሉ። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ የወንጀለኛውን መልክ የሚያወጡበት ትዕይንት ነው። የዓይን እማኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ጸጉሩ በየተራ ሲቀያየር ይሄ ሰፋ፣ ያ ጠበበ ይላሉ፤ ስሙ እንኳ ያልታወቀ ሰው ቀስ በቀስ ፊት ያገኛል።

ይህን ሥራ የሚመራውን የፖሊስ ላቦራቶሪ ባለሙያ የተጫወተው ጃክ ዌብ ነው። በቀረጻው ጊዜ ከፊልሙ አማካሪ፣ ከሎስ አንጀለሱ ፖሊስ ማርቲ ዊን ጋር ተዋወቀ። ከዚያ ትውውቅ «ድራግኔት» የተባለው ተከታታይ የፖሊስ ድራማ ተወለደ፤ በ1949 በሬዲዮ ተጀምሮ በ1951 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ።

ለእኔ ግን የፊልሙ ጌታ የካሜራ ባለሙያው ጆን አልተን ነው። በጥቂት መብራት ይሠራል፤ የቀረውን ለጨለማ ይተወዋል። ይህ አሠራር ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፤ ውጤቱ ግን ቁጠባ አይመስልም። ሮይ ጥይት ከገላው በገዛ እጁ ሲያወጣ ካሜራው ቁስሉን ትቶ ላብ ያጠመቀው ፊቱ ላይ ይቆያል፤ ሕመሙን ከዚያ እናነባለን። መጨረሻ ላይ ከከተማዋ ሥር በተዘረጉት ግዙፍ የጎርፍ መውረጃ ቱቦዎች ውስጥ ሲሸሽ፣ የባትሪ ብርሃን እርጥቡን ግድግዳ እየላሰ ይከተለዋል። የቀረጹት እዚያው፣ በእውነተኞቹ ቱቦዎች ውስጥ ነው።

በአሜሪካ የቅጂ መብቱ ስላለቀ ፊልሙ በቀላሉ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ቅጂዎች ግን የደበዘዙ ናቸው። ታድሶ የወጣውን ፈልጉ። በደበዘዘው ቅጂ የቱቦው ትዕይንት ጭልም ይላል፤ የአልተን ድካም ሁሉ ይጠፋል።