ስለ ዐውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያና ስለ ሕዝብ እምነት

ከሞቃት ባሕር ላይ የሚነሣ አንድ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ አለ። ስሙ እንደየአገሩ ይለያያል፤ በአሜሪካ ጠረፍ ሀሪኬን፣ በሩቅ ምሥራቅ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ይባላል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። የባሕሩ ውሃ ሲሞቅ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በላይም ቀዝቅዞ ደመናና ዝናም ይኾናል፤ በዚህ ጊዜ የሚለቀው ሙቀት ዐውሎውን ያበረታዋል። ነፋሱም እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሮጣል። ይኹን እንጂ ብዙ ሕዝብ የሚፈጀው ከነፋሱ ይልቅ ውሃው ነው፤ ዐውሎው ባሕሩን እየገፋ ወደ ምድር ያመጣዋልና።

ዛሬ ሊቃውንት ዐውሎው ምድር ሳይደርስ ብዙ ቀን አስቀድመው ያዩታል። ከሳተላይት ሥዕሉን ይቀበላሉ፤ አውሮፕላንም ወደ መካከሉ ገብቶ የነፋሱን ኀይል ይለካል። ነገር ግን ዐውሎ ነፋስ እንደ ባቡር በሐዲድ አይሄድም። ስለዚህ በአሜሪካ በማያሚ ያለው የሀሪኬን ማዕከል በካርታ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ አይሥልም፤ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄድ መንገድ ይሥላል እንጂ። የመንገዱ መስፋት ቀኑ በራቀ ቊጥር እርግጠኝነቱ እንደሚቀንስ ያስረዳል።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ቤቱን ትቶ ይሸሻል፤ ዐውሎው ግን ወደ ሌላ ስፍራ ይዞራል። ያ ሰው ተመልሶ ቤቱን ደኅና ባገኘው ጊዜ፣ በከንቱ «ጅብ መጣ» እያለ ይጮህ የነበረው እረኛ ትዝ ይለዋል። ነገር ግን ኹለቱ አንድ አይደሉም። እረኛው ያላየውን አየሁ አለ፤ አየር መርማሪው ግን ያየውን ተናገረ፤ የታየው ነገር መንገዱን ለወጠ እንጂ እርሱ አልዋሸም።

አለማመን ምን ያኽል እንደሚጎዳ ከታሪክ እንመልከት፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1900 በኩባ የነበሩ ሊቃውንት አንድ ሀሪኬን ወደ ቴክሳስ እንደሚያመራ ገመቱ። የአሜሪካ የአየር ምርመራ መሥሪያ ቤት ግን ቃላቸውን ንቆ፣ ዐውሎው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል ብሎ ዐሰበ። በሴፕቴምበር 8 ቀን ባሕሩ የጋልቬስተንን ከተማ አጥለቀለቀ፤ ከ6,000 የማያንስ ሰውም ሞተ።

በዚያ ያላመኑት ሹማምንቱ ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ያላመነበትን ደግሞ በቤንጋል ባሕር ጠረፍ እናገኛለን። ዛሬ ባንግላዴሽ በሚባለው፣ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን በነበረው አገር፣ በኖቬምበር 12 ቀን 1970 ሌሊት የመጣው ሳይክሎን ከ300,000 የማያንስ ሕዝብ ፈጀ። የሚያሳዝነው፣ ከሕዝቡ የሚበዛው ዐውሎ መምጣቱን ሰምቶ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ሌላ ዐውሎ ተነግሮ ጉዳቱ የተፈራውን ያኽል ሳይኾን ቀርቷል። አኹንም የተነገረው ቃል የአደጋውን ታላቅነት ለብዙዎች አላስረዳም፤ ለመሸሽ የፈለገም ቢኾን ጠንካራ ቤት አላገኘም።

ከዚህ መከራ በኋላ በ1972 የቀይ መስቀል ማኅበር፣ ቀጥሎም ከመንግሥቱ ጋር ኾኖ፣ በየመንደሩ ፈቃደኞችን ማስተማር ጀመረ። ቊጥራቸው ዛሬ ከ70,000 በላይ ነው። አደጋ ሲቀርብ ሰንደቅ ይሰቅላሉ፤ አደጋው ሲበረታ ሰንደቁ ከአንድ ወደ ኹለት፣ ከኹለት ወደ ሦስት ይጨመራል፤ ፊደል ያልቈጠረም ሰው በዐይኑ አይቶ ያውቀዋል። በየቤቱም እየዞሩ በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ፤ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ይደግፋሉ። በጠረፉም በምሰሶ ላይ የቆሙ ጠንካራ መጠጊያዎች ተሠሩ፤ ብዙዎቹ በደኅና ቀን ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ሥራው በአንድ ቀን አልተፈጸመም። መጠጊያው ገና ስላልበቃ በ1991 የመጣው ሳይክሎን ወደ 138,000 ሰው ገደለ። በ2007 ሲድር የተባለ ብርቱ ሳይክሎን በደረሰ ጊዜ ግን የሞተው 3,400 ያኽል ነበር። ይህም ራሱ ታላቅ ኀዘን ነው፤ ከቀድሞው ጋር ሲተያይ ግን ስንት ነፍስ እንደ ዳነ ይገልጣል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ እምነት በአደጋ ቀን በትእዛዝ አይገኝም፤ በደኅናው ቀን ተሠርቶ የሚቈይ ነገር ነው። የሚያስጠነቅቀው ሰው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ፣ ሕዝቡ በሚረዳው ቃል ይናገር፤ ቃሉንም ጎረቤት ለጎረቤቱ ያድርስ፤ የሚሸሹበትም ስፍራ ይኑር። የሚሰማውም አንድ ጊዜ በከንቱ በመሸሹ አይጸጸት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል፤ ሳይቃጠል ቅጠሉን የያዘ ሰው፣ እሳቱ ባይመጣ የጐደለበት ጥቂት ድካም ብቻ ነው።