ጃን ሜዳ፤ የግልቢያና የጉባኤ ስፍራ

ጃን ሜዳ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከስድስት ኪሎ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ነው። «ጃን» የሚለው ቃል፣ በ«ጃንሆይ» እንደሚታየው፣ የቤተ መንግሥት ቃል ስለሆነ ስሙ ራሱ ሜዳው የማን እንደነበረ ያስታውሳል። በዘውዱ ዘመን ሠራዊት ይሰለፍበት፣ የፈረስ እሽቅድምድም ይደረግበት፣ የከተማውም ሕዝብ ለማየት ይሰበሰብበት ነበር።

ለሜዳው ከሚስማሙት የአገር ጨዋታዎች አንደኛው ጉግስ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እየጋለበ ዘንግ ይወረውርበታል፤ ሸሺውም ዘንጉን በጋሻ ይመክታል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። ጉግስ ቀድሞ የጦር ልምምድ ስለነበረ ፈረስ የሚፈተንበት ሰፊ መስክ ይሻል። በገና ሰሞን ደግሞ ቆልማማ ዱላ የያዙ ወገኖች ሩር ይማታሉ፤ በዚያን ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ የተመታም ጌታ ቂም አይዝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉባኤ የጥምቀት ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታት ወርደው በድንኳን ያድራሉ፤ በማግሥቱ ውኃው ተባርኮ አብዛኞቹ በእልልታና በሆታ ወደ መንበራቸው ይመለሳሉ፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን ጥር 12 ቀን ይገባል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

ከፈረስ በኋላ ሜዳውን የወረሰው ሯጭ ነው። በስሙ የሚጠራው የአገር አቋራጭ ውድድር ለዓለም ሻምፒዮና የሚሰለፉ አትሌቶች የሚመረጡበት ሆኗል።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ መጨናነቅን ለመቀነስ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሣሩ ተረገጠ፤ መሬቱም በጭቃና በቆሻሻ ተሸፈነ። ውድድሩ በ2013 ዓ.ም. ስሙን እንደያዘ በሱሉልታ ተካሄደ። ከዚያው ዓመት ጥምቀት በፊት ግን ገበያው ተነሣ፤ ሕዝቡም ወጥቶ ሜዳውን አጸዳ፤ ታቦታቱም እንደ ልማዳቸው ወረዱ።

ከዚህ እንደሚታየው ሯጩ ከነውድድሩ ስም ወደ ሌላ ስፍራ ሊሄድ ችሏል፤ ከተራው ግን ሜዳውን አልለቀቀም። ባዶ የሚመስል መሬት በከተማ ውስጥ ሥራ ፈት አይደለም፤ ጃን ሜዳ ባዶ ሆኖ መቆየቱ ለፈረሰኛውም፣ ለሯጩም፣ ለምእመኑም በየተራው ቦታ የሚሰጥ ሀብት ነው።